ተገልብጦ የገባው መስታወት

ኮልካታ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ላብ ያልበዋል፣
ጨው በዕቃው ውስጥ ይሟሟል፣ ካርቶን እንደ ዳቦ ይርሳል፤
ሌንስም ዓይን ነውና ሞራ ያወጣል።
ሻጋታው ከዳር ይነሣል፣ እንደ ሽበት ቀጥኖ ሥሩ፣
አፈር የለ፣ ፍግ የለ፣ ብርጭቆ ነው መሬት አገሩ።

ኦይንድሪላ መጣች አንድ ቀን፣ ዣንጥላዋ እያንጠባጠበ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ከጠረጴዛዬ ቀረበ።
«ካሜራው ሞቷል» አለችኝ፣ «መጋረጃው ተቦጫጭቋል፤
ዓይኑ ግን የአጎቴ ነው፤ ቤተ ዘመዱን ሁሉ ያውቃል።
ይኸኛው ገላ ደህና ነው፣ ከሐራጅ ነው ያነሣሁት፤
ለዚህ ይትከሉልኝ እባክዎ፤ ፊልም ነው እኔ የለመድሁት።»

አልተግባቡም ሁለቱ፤ የአንዱ ጥርስ ለአንዱ አልሆነ፤
የጃፓኑ አፍ ሰፋ፣ የጀርመኑ አንገት ቀጠነ።
ከአሮጌ የቧንቧ ራስ ነሐስ ቆርጬ ቶርኖ ላይ አሰርሁ፣
ሚሊ ሜትሯን ለአሥር፣ አሥረኛዋን ለሁለት ከፈልሁ፤
ቀለበት ወጣ፤ ጋብቻ ነው፣ ሽማግሌ ያልላኩበት፣
ሁለት ያልተዋወቁ ብረቶች አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩበት።
ፀጉር ታህል ቢወፍር ግን ሩቅ የተባለው ሁሉ ይጠፋል፤
ከተጋደመው ስምንት ወዲህ ዓለም መንገድ ላይ ይቀራል።

ማታ፣ ትራሙ ዝም ሲል፣ ከፈትሁት። ክፉ ግራሶ፣
እንደ ማር ደርቆ ቆይቷል፣ በአርባ ዓመት አቧራ ተለውሶ።
ማሰሪያው እንቢ አለኝ፤ አልኮል አጠጣሁት፣
እኔም ሻይ ጠጣሁ፤ ተመልሼ በሁለት ጣት ፈታሁት።
ምላጮቹን አንድ በአንድ በወረንጦ አወጣሁ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት ደርድሬ ዘይታቸውን ጠረግሁ።
ሻጋታው በጥጥ ለቀቀ፤ ዱካው ግን ብርጭቆው ላይ ቀረ፣
ውሃው የነጠፈ ወንዝ መሄጃውን እንዳልቀበረ።

ሦስተኛውን ሳነሣ እጄ ቆመ።
ሆዱን ሊሰጥ ሲገባው
ጀርባውን ሰጥቶ ተጋድሟል።
ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጫረች ቀስት፣
ጭራዋ የተቆለመመ፣
ወደማይሆን አቅጣጫ የምትጠቁም።

አወቅኋት።
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጌታዬ ሃሪሳዳን ባቡ ለምሳ ወጥቷል፣
ከሰዓት ኳስ ነበረ፣ ሜዳው ከሩቅ ይጮኻል፤
«እኔ እጨርሰዋለሁ» ብዬ፣ አንድ እግሬ ደጅ፣ አንድ እግሬ ቤት፣
ገጣጥሜ ዘጋሁት። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን ያን ዕለት።

አቀናሁት። ጣራ ወጣሁ፤ የሃውራ ድልድይ መብራት
እያንዳንዱ ለብቻው፣ እንደ ተቆጠረ ሩዝ ጥራት።
ደስ አለኝ። ማን ያያል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፤
አርባ ዓመት የቆየ ዕዳ በአንድ ሌሊት ከፈልሁ።

በስምንተኛው ቀን ተመለሰች፣ ፊቷ እንደ ሰማዩ ከብዶ።
«ጥሩ ነው» አለች፤ «ሁሉም ይታያል፤ የፖሊስ ፎቶ ይመስላል እንጂ።»
ከቦርሳዋ የድሮ ሥዕሎች አወጣች፦
አክስቷ ጀልባ ላይ፣ ፊቷ ጥርት ያለ፣
ወንዙ፣ ቀዛፊው፣ የሰው ክምር
በዙሪያዋ እንደተማሰለ ሻይ ይዞራል።
«እኔ ያደግሁት እዚህ ውስጥ ነው» አለች፣ ጣቷን ዳሩ ላይ አድርጋ፤
«ይኸ መዞሩ የት ሄደ?»

የማን እጅ እንደሆነ አልነገርኋትም።
«ሐሙስ ነይ» አልኋት።
«ስንት ልክፈል?» «የነሐሱን። ሌላው ድሮ ተከፍሏል።»
አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ዝም አለች፤
ዣንጥላዋን ረስታ ወጣች።

ረቡዕ ሌሊት ሦስተኛውን መልሼ ገለበጥሁት፣
በቀስታ፣ ኳስ የሌለበት ቀን ስለሆነ።
ከዚያም እርሳስ ቀርጬ፣
ከዚያች ከተቆለመመችው አጠገብ
ሌላ ቀስት ሣልሁ፣ ቀጥ ያለች፣
በዚያው በተሳሳተው አቅጣጫ፦
ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ጠጋኝ
ታውቆ የተደረገ ነው ብሎ እንዳይነካው።