ደባል

ይህ ላፕቶፕ የተገዛው ለማናና ነበር፣
ኩታይሲ ወርዳ ሂሳብ ስትማር።
ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሠንጠረዥ ያሰምራል፣
ከዚያ በላይ ሲሉት ትኩሳት ይይዘዋል።
የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሚባል የለው፣
ከፕሮሰሰሩ ቤት በደባል ነው ያለው፤
ከባለቤቱ ሳህን በማንኪያ እየበላ፣
ጥግ ይዞ የሚያድር ከቁም ሳጥን ኋላ።
ስታገባ ተወችው፤ እኔ ወሰድኩት፣
ለሌሊት ፈረቃ ጓደኛ አረግሁት።

ቺያቱራ ገደል ናት። ቤት በገደል አናት፣
በሽቦ ተንጠልጥሎ ነው የሚገባባት።
ታች ወንዙ ጥቁር ነው፣ ማንጋኒዝ ታጥቦበት፤
ላይ ሽቦው ያፏጫል፣ ንፋስ ሲነሣበት።
እኔ ላይ ጣቢያው ነኝ፤ ማንም የማይሰርቀው
የዛገ ካቢን ነው ሌሊት የምጠብቀው።

ጨዋታው ሲከፈት
መጀመሪያ ጥላን አጠፋሁ።
ሣሩን አጨድኩ፣ አንዲት ዘለላ ሳላስተርፍ።
ወንዙ ሰማይን እንዳያሳይ አዘዝኩ፣
ጭሱ እንዳይጥመለመል፣
ቅጠሉ በነፋስ እንዳይነቃነቅ።
የመንገደኛውን ድምፅ ዘጋሁ፤ እሱም ይከብደዋል።
ፈጣሪ በስድስት ቀን ያበጀውን
በስድስት ጠቅታ አፈረስኩት፤
በሰባተኛው ደባሌ ትንሽ ተነፈሰ።

የተረፈኝ ዓለም ሃያ ርምጃ ነው።
ከሃያ በኋላ ጉም።
ፈረሴ እግሩን ያነሣና ያስባል።
ፍላጻ ወርውሬ ሻይ እቀዳለሁ፤
ስመለስ ገና መንገድ ላይ ነው፣
ጠላቴም በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቀዋል።
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል።
በአራት የቢራ ቆርኪ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጌው፣
በየካቲት ብርድ መስኮት ከፍቼለት፣
ካፖርት ደርቤ እጠብቀዋለሁ፤
ሁለታችንም እንንቀጠቀጣለን፣
እሱ በሙቀት፣ እኔ በብርድ።

ባድሪ ከባቱሚ በጆሮ ማዳመጫው ይጮኻል፦
«ኖዳር! ፀሐይዋን እያት፣ ስትጠልቅ እያት!»
ቡናማ ግድግዳ ይታየኛል።
«አየኋት» እላለሁ። «ታምራለች።»

ከድልድዩ ማዶ አንድ ድንጋይ አለ፣
ባለ ስድስት ጠርዝ፣ ከመንገድ ዳር የዋለ።
ሁለት ክረምት ሙሉ ከኋላው አደፈጥኩ፣
አዲስ ሰይፍ ባገኘሁ በሱ ላይ ሞከርኩ፤
ፈረሴን አሰርኩበት፣ ስደክም ተደገፍኩት፣
አንዴም ተናድጄ በርግጫ መታሁት።

በጥቅምት ባድሪ ዘንድ ወረድኩ።
የሱ ማሽን ጠረጴዛ ሥር እንደ ምድጃ ያበራል፣ ድምፅ የለውም።
ሣሩ ይተኛል፣ ይነሣል። ወንዙ ውስጥ ሌላ ሰማይ አለ።
ጥላዬን ሳይ የሚከታተለኝ ሰው መስሎኝ ዞርኩ።
ድልድዩን ተሻገርኩ።
ድንጋዩ አልነበረም።
አሮጊት ነበረች፣ ግራጫ ሻርፕ ተከናንባ፣
የተቀደደ የዓሣ መረብ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምትሰፋ።
ቀና አለች፦
«ዛሬም መጣህ?»

እጄ ከማውሱ ላይ ወረደ።
«ለሁሉም ነው የምትለው» አለ ባድሪ፣ ሱፍ እየፈለቀቀ፤
«እለፋት። ምንም አትሰጥህም።»
ማታ ላይ፣ አሮጌ ማሽን እንዳለው፣
በርካሽ ሊለቅልኝ እንደሚችል ነገረኝ።
«እስቲ ላስብበት» አልኩት።
ይኸው እያሰብኩ ነው።

ወደ ጣቢያዬ፣ ወደ ቆርኪዎቼ ተመልሻለሁ።
ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ ስድስቱም ጠርዝ በቦታው።
እሷም እዚያው ናት፣ ከድንጋዩ ጋር በደባል።
ሰይፍ አልሞክርበትም።
ስደርስ ከፈረሴ እወርዳለሁ፤
መውረዱ አራት ሰከንድ ይፈጃል፤
ይፍጅ።

ሊነጋጋ ሲል ከወንዙ ጉም ይነሣል።
የታችኛው ከተማ ይጠፋል፣
ከዚያ ሽቦው፣ ከዚያ የደረጃው አጋማሽ፤
ሃያ ርምጃ ይቀረኛል።
ከዚያ ወዲህ አንድ ግራጫ ነገር
እያለከለከ ይወጣል፤
የጠዋት ተረኛው ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣
መልኩ እስኪጠራ አልጠብቅም።
«ዛሬም መጣህ?» እለዋለሁ።