እጅ የሰጠ ሰው

ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ቫልፓራይሶ ላይ
ጉም ወደቡን ውጦ፣ ክሬኑም ሳይታይ፣
ምክር ቤቱ ገባ፤ ደወል ተደወለ፤
ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ «የወደብ ሠራተኞች የጉዳት ካሣ» አለ።

እኔ ከመድረኩ ሥር፣ በትንሿ ጠረጴዛ፣
ቃል ለቃሚ ነኝ፣ ሳላሳንስ፣ ሳላበዛ።
አጭር ጽሕፈት ይሉታል፤ አጭርነቱ ለስሙ ነው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእጄን አንጓ በላው።
ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተነገረ ይጻፋል፤
ጭብጨባ በቅንፍ ይገባል፤ ዝምታ ይታለፋል።

የተከበሩ ጎይኮሌያ መነጽር ጠረጉ፣
ለአራት ደቂቃ ሐሳብ ስምንት ፈለጉ፦
«ካሣን ማን ይጠላል? ልቤ ከነሱ ጋር ነው፤
ነገር ግን በጀቱ! እጅ አጠረን፣ ምን እናድርገው?
ዛሬ ለጣት ከፍለን፣ ነገ ለክንድ ሲባል፣
መርከቡ ካያዎ ሄዶ ያራግፋል።»

ጻፍኩት። «ነገር ግን» የሚለውን ቃል
በአንዲት ጭረት ነው የማሰፍረው፤ አዘውትሮ ይመጣል።

ቀና አልኩ። ከሰገነቱ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣
ኤሊሴዎ ኛንኩፒል አለ፣ ክንዱን ጭኑ ላይ ጥላ
እንደሚያደርግ ሰው አስደግፎ። ጎረቤቴ ነው፤
ከአንድ ሱቅ ዳቦ ገዝተን፣ በአንድ የገመድ ባቡር ነው
ኮረብታውን የምንወጣው።

ሦስተኛው ፈረቃ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር፣
ዊንቹ ጓንቱን ያዘ፤ ጓንቱ ባዶ አልነበር።
እጁን ለብረት ሰጠ፤ እሱ ግን እጅ አልሰጠም፤
ካሣ በተነሣበት ቀን ከዚያ ወንበር አልቀረም።
በሕጉ አነጋገር «ጊዜያዊ» ነበረ፣
አሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው የተቀጠረ።

ጊዜያዊ! ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል፤
የእኔም ውል በየስድስት ወሩ ይታደሳል።

ወይዘሮ ኦርቴንሲያ ሚልያን ከግራ ወንበር ተነሡ፤
ንግግር አልያዙም፤ አንድ ደረሰኝ አነሡ፦
«ኩባንያው ከዚህ ሰው የመጨረሻ ደሞዝ ላይ
የጓንቱን ዋጋ ቆርጧል። ይኸው። ማየት የሚሻ ይይ።»

ሰገነቱ ታመሰ። ደወሉ «ጸጥታ!» ይላል።
ለካ አንድ እጅም ያጨበጭባል፤
ኤሊሴዎ ጭኑን መታ። አንዴ። ደገመ።
ምን ብዬ በቅንፍ ላግባው? ብዕሬ ቆመ።

ከዚያ የድምፅ መስጫው ሰሌዳ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤
ቴክኒሻን ተጠራ፣ ሽቦ ነካክቶ ቆረጠ ተስፋ።
«እንግዲያ በእጅ ይሁን» አሉ አፈ ጉባኤው፤
«የደገፈ እጁን ያውጣ፤ ጸሐፊው ይቁጠረው።»

ወጡ እጆች። ቀለበት ያጠለቀ፣ ሰዓት ያሰረ፣
ጥፍሩን የተቀባ፣ ግማሽ መንገድ ወጥቶ የቀረ።
ሃምሳ ስድስት።
የተቃወመ?
ሃምሳ ስድስት።

ከወደቡ የባሕር አንበሳ ጮኸ። እሱም አይጻፍም።
ያኔ ከመስታወቱ ኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሳይቆም፣
ኤሊሴዎ ክንዱን አነሣ፦ እጅ የሌለው እጅጌ፣
በመርፌ ቁልፍ የታጠፈ።
ጸሐፊው አየው። ጣቱ አየር ላይ ቆየ። ዝቅ አለ።
«እኩል ነው፤ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።»

እኔ ግን ጻፍኩ፣ ከገጹ ግርጌ፣ በቅንፍ፦
(አንድ እጅ ወጣ። አልተቆጠረም።)
አራሚው ነገ ይሰርዘው ይሆናል፤ አላውቅም።
ውሌ በሰኔ ያልቃል።

ሲመሽ በገመድ ባቡሩ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤
ከታች የመርከቦቹ መብራት በጉሙ ውስጥ ሲበን።
ስለ ድምፁ አልተነጋገርንም። አንጓዬን ስደባብስ አየና፣
«ያምሻል?» አለ፤ መልስም አልጠበቀ፤
የኔንም የሱንም ዳቦ
በዚያችው በቀረችው አንጠለጠለ።