እርሳስ

የሌሊት ተራዬ ነው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፤
ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ አምፖሉ ይዋልላል።
ግድግዳው እርሳስ፣ በሩ እርሳስ፣ ሽርጤ እርሳስ፣
አሥራ ሰባት ዓመት ከኋላው ቆምኩ፣ ጨረሩ እንዳይደርስ።

«ትንፋሽዎን ይያዙ» እላለሁ።
አቶ ይማም ሙሄ የያዙት ሌላ ነው፤
ከሐርቡ ጠጠር መፍጫ ሃያ ዓመት የተረፈው
ቅንጣት በቅንጣት ላይ፣ ዕለት በዕለት፣
ከደሞዙ ጋር ያልተጻፈ፣ ያልተቆጠረ ትርፍ ሰዓት።
አሁን ፊልሙ ላይ ነጭ ነው፣ የኩታበር ደመና፤
ዝም ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣
አንዲት ሳል ትነሣና፣ አልጋውን ትንጠውና
ቀስ እያለች ትበርዳለች። ዝም ይላሉ እንደገና።

በር ላይ ዘሙ ተኝታለች፣ ጎረቤታቸው፤
ሁለት ፍየል ሸጣ ለመኪና፣ እሷው አመጣቻቸው።

እህቴ ጦይባ መጣች፣ ሻሿን ጉም አርሶት፣
እራት አመጣለሁ ብላ፣ ወረቀት ይዛ፣ እራቱ ቀርቶባት።
«ይኸውልህ» አለች፣ «የእኔም በሽተኛ፣ ራጁ፤
ሞቶ ያልተቀበረ፣ ከጎረቤት ደጅ የማይመለስ እጁ።
ኮከብ ነበር፤ ነዳጁ አልቆ በራሱ ላይ ወደቀ፣
ከደሴ ኮምቦልቻ ያህል እስኪሆን ታመቀ።
ከፀሐይ ይከብዳል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ
ብትጨልፍለት፣ ጦሳ ይቀላል በሚዛን መለኪያ።

ጎረቤቱ ሌላ ኮከብ ነው፣ ሕያው፣ ያልደከመ፤
ካባውን ሲገፍፈው፣ ዝም፣ ምንም እንዳልታመመ።
ጋዙ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እየተሽከረከረ፣
ሲወድቅ ይግላል፣ በራጅ ይበራል፣ ላዩ ላይ እየተከመረ።
ክምሩ የሰው ቁመት ቢሆን ነው። ከዚያ ግን...»
እርሳሷን ወረቀቱ ላይ ሽቅብ ነዳችው፦

በአንዲት ሰከንድ ወደ ላይ፣ አዝዋ ገደል ቀጥ ሲል፣
ከዚያ ደቂቃ ሙሉ፣ ወደ ገራዶ፣ ቁልቁል ቁልቁል።

«ሦስት ሰዓት ዝም ይላል። ይሞላል። እንደገና...»
አላስጨረስኳትም፤ ከመጋረጃው ጀርባ
አቶ ይማም ሳሉ። ሰዓቷን አየች ጦይባ።

«ታዲያ ከዚህ፣ ከጦሳ ራስ፣ አይታይም?» አልኳት።
«ሰማዩ እርሳስ ነው» አለች። «ያንተ ሽርጥ በለው፤
አየሩ ባይጋርደን ኖሮ፣ ማን ነበር የሚተርፈው?
ለማየት ከአየር በላይ መውጣት ነው፤ ሳተላይት ያያል፣
እኔ ቁጥሩን ነው የማነብ፤ ዓይኔማ ምን ያውቃል።»

አንድ ስም፣ ሁለት እርሳስ፤ የእኔው ይጋርዳል፣
የእሷ፣ የተጋረደውን ወረቀት ላይ ያወርዳል።
የዚያን ደረት ነጭነት፣ እርሳስ ብለው ልቤን፣
አልሰማኝም።

                    ጋቢያቸውን አጣፍተው
አቶ ይማም ወጡ፣ ወረቀቱን በብርሃን ዘቅዝቀው፦
«ይኸስ የማን ደረት ነው?»
«የሩቅ ነው፣ አባባ።»
«ይስላል?»
«በየሦስት ሰዓቱ።»
«አስታማሚ አለው?»
«አንድ ጎረቤት።»

ዝም አሉ። ወረቀቱን መለሱላት፣ ቀስ ብለው፦
«እስክታልቅ ነዋ» አሉ፣
ወደ በሩ እያዩ።