አንሺው

ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ የፖ ወንዝ ጉም ገና ሜዳውን ሳይለቅ፣
የመኪናዬን ኋላ ከፍቼ፣ ሞተሬን አውጥቼ፣ ስወለውል፣ ብሎን ሳጠብቅ፣
ጋልዲኖ መጣና፦ «ዛሬስ ይቀናሃል?» አለኝ፣ እንደ መሳቅ።

ሞተሩ ይኸውላችሁ፦ ቁመቱ ከክንዴ የሚያጥር፣
ባትሪ በሆዱ የተሸከመ፣ በኋላ ጎማው ውስጥ ክብ ብረት የሚሾር፤
ያ ብረት ነው የሚያቆመው፤
ሁለት ጎማ ብቻውን መቼ ይቆም ነበር።

ላዩ ላይ ናኔ አለ።
ናኔ አሻንጉሊት ነው፤ የራስ ቁሩን እኔው ቀባሁት፣ በጥርስ ቀለም፤
ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው፤ እውነተኛ ይመስላል፣ ግን አይደለም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ፈገግታ ሠርቻለሁ፤
ለናኔ ግን ፊት አልሰጠሁትም፣ ጥቁር መስታወት ጋርጄበታለሁ።

ከሰዓት ማጣሪያ ነበር። ሰገነቱ ላይ ተደርድረን ቆምን፣
አሥር ሰው፣ አሥር መቆጣጠሪያ፣ ትንፋሻችንን ውጠን።
ከጎኔ ኢልዴ ነበረች፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
የወይን ሳጥን ላይ ወጥታ ነው አጥሩን ያለፈው አናቷ፤
ማስቲካ ታኝካለች፤ ምላጩን ይስባል ጣቷ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ በጠባቡ ኩርባ፣
እኔ በውጭ ስዞር፣ ቀይ ሞተሯ በውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ።
ናኔ ተንከባለለ፣ ሣሩ ላይ ተጋደመ፤
እንደ ጥንዚዛ በጀርባው፤ ጎማው በአየር ላይ ጮኸ፣ ጮኸና አከተመ፤
የእኔም ነገር በዚያው ሁለተኛው ምድብ ላይ ከተመ።

«ይቅርታ ፊዮሬንዞ» አለች፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።
«ምንም አይደል።»
ማታ ድንኳን ውስጥ የተጣመመውን መሪ ሳቃና፣
የኦርኔላን ላዛኛ ሳልቀምስ አደርኩ፤
ያቺ «ምንም አይደል» ጉሮሮዬ ላይ ነበረችና።

እሑድ። ጉሙ የለም። አስፋልቱ ከጠዋቱ ይፋጃል።
የእኛ ምድብ ሮጠ፤ ከሁለተኛው ምድብ ሁለተኛ ወጣሁ፤
ለእሱ ዋንጫ የለውም፣ ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ ያልፋል።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ሮጦ የጨረሰ ለሚቀጥሉት ያነሳል።
ሞተር ወድቆ በራሱ አይነሳም፤ ሰው ሮጦ ይደርሳል።
ብርቱካንማ ሰደርያ ለበስኩ፤ ጠባቡ ኩርባ ደረሰኝ፤
ናኔ የወደቀበት ሣር እንደተጨፈለቀ ጠበቀኝ።

የአንደኛው ምድብ ፍጻሜ። ንቦች ከቀፏቸው እንደወጡ፣
አሥሩ ባንድ ላይ ተጋድመው ኩርባውን ታጥፈው ሲመጡ፣
አሻንጉሊቶቹ በጉልበታቸው አስፋልቱን ሊስሙ ሲቃጡ፣
ቀይዋ ከፊት ነበረች።
አምስት ዙር ሙሉ ከፊት ነበረች።
በስድስተኛው፣ ማን ከኋላ እንደነካት እንጃ፣
ተንሸራታ መጥታ ፊቴ ወደቀች።

ከእኔ እስከ እሷ ሦስት እርምጃ።
እኔ አወቅሁ፣ እግሬም አወቀ፣
እግሬ ግን ቆመ።

ስንት ያህል? ግማሽ ሰከንድ።
ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ።
በእሷ ውስጥ ግን ቅዳሜ በሙሉ ገባ፦ ሣሩ፣ ጥንዚዛው፣ ያልበላሁት እራት፤
ደግሞም፣ ምን ልበላችሁ፣
የአንዲት ልጅ ውድቀት የምታሳክክ ደስታ፣
ምላስ እየሄደ እንደሚነካካው የተሸረፈ ጥርስ።

ከዚያ ሮጥኩ። ጎማዋ መዳፌን ጠበሰው፤
አቀናኋት፣ ለቀቅኋት፣ ሄደች።

አራተኛ ወጣች።
ከሦስተኛው የለያት ጊዜ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤
ማሽን ነው የጻፈው፣ ማሽን ደግሞ አይታማም፦
ዜሮ ነጥብ አራት።

ሰደርያውን ሳወልቅ መጣች።
«ስላነሳኸኝ አመሰግናለሁ። ፈጣን ነህ» አለች፤
«አያቴ ቢሆን ኖሮ ገና አሁን ይደርስ ነበር።»
ማስቲካ ዘረጋችልኝ።
አኘክሁት።
የአፌ ጥርስ ሁሉ የራሴ ነው፤
ፈገግታውን ግን ሠራሁት፣
ሃያ ሁለት ዓመት በለመድኩት እጅ።

ናኔን ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አሰርኩት።
ብርዱ ሳይገባ አንድ ውድድር ቀርቷል፤
ጎማ ማዘዝ አለብኝ፤ የናኔም ክርን ተሰንጥቋል።
እስከ ክሬሞና ድረስ
የመኪናውን ሰዓት ሳላይ ነዳሁ።