አፈር ስሆን

ከቀሃ ማዶ ላይ፣ ከቁልቋሉ በላይ፣
ጉድጓድ ነበረችን፣ አፏ የማይታይ።
ገላጋይ አባቴ ትከሻው ሰፊ ነው፤
ጉሮሮዋ ጠቦ አላሳልፍ ቢለው፣
«አንተ ግባ» ብሎ በጠፍር አሰረኝ፣
እንደ መቅጃ ቅል ቁልቁል አወረደኝ።

ሰባት ዓመቴ ነው።

ዝናብ ያደረበት ማረሻ ይሸታል
ሆዷ። እርጥብ ነው፤ የነካው ይቀላል።
ጧፌን ከፍ ሳደርግ፣ ከግድግዳው ገላ፣
የጣት ዱካ አየሁ፣ ያዘለ ጥላ፤
አራት ጣት ጎን ለጎን፣ ጭቃውን የጫረ፣
ማንም ሳያብሰው ደርቆ የቀረ።
የኔን ብከትበት፣ ልክክ አለ፤ ገጠመ።
ያኔ ነው የፈራሁ፤ ደሜ የቆመ።
ግንቡ ሳይገነባ፣ ከተማው ሳይመጣ፣
የኔን ያህል ልጅ እዚህ ማን አመጣ?

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ። «ምንድነው?» አለ ከላይ።
«ልጅ አለ።» «የት አለ?» «ግድግዳው ላይ።»
ዝም አለ። ጠፍሩ ትንሽ ተወጠረ።
«ቆፍር» አለኝ ኋላ፤ «እሱም ቆፍሮ ነበረ።»

ከዱካው ጎን ጣቴን ሰክቼ ጫርኩኝ፤
ቀይ ወረደ በክንዴ፤ ስልቻው ሞላልኝ።

ቢጫው ገል ላይ ሆኖ በእበት ሲጠበስ፣
ማር መስሎ የገባው ጉበት ሆኖ ሲመለስ፣
እናቴ ትርንጎ በድንጋይ ትሰልቃለች፤
ስታስነጥስ እንኳ ደጁን ታቀላለች።
ደህናው ለሠዓሊ፣ ልሙ ለጸሐፊ፣
ኮረት የበዛበት ለቆዳ አልፊ።

አንድ ቅዳሜ ለታ፣ ገበያ ሲሄድ፣
ዝናብ ያዘው ድንገት ከግማሽ መንገድ፤
ስልቻው ሲያነባ፣ ከትከሻው ወርዶ፣
ጋቢው የነፍሰ ገዳይ መሰለ፣ ሰው አርዶ።
የዚያን ሰሞን ደግሞ የጨው ነጋዴ ጠፍቶ
ሀገር ይፈልጋል፣ ዱላ ይዞ ወጥቶ።
ያዙት።
«አፈር ነው» ቢል፣ ማን ሊሰማው ቆሞ?
እጁን የፊጥኝ አሉት፣ ጠፍሩ ያው ጠፍር፣ ከርሞ።
እናቴ ከዳኛው ደጅ ወድቃ በግንባሯ፣
«አፈር ስሆን!» አለች፤ እውነት ነው ነገሯ።
«አፈር ስሆን ጌታው፣ አፈር ነው ይኼ ደም!»
ዳኛው ሳቁ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም።
ከጋቢው ጫፍ በጣቱ ነክቶ ቀመሰና፣
«ይኼ ደም ከሆነ፣ እኔም ታሰርኩና!
የማርያምን ስም፣ የሥላሴን ስም፣
በምን የጻፍኩ መሰላችሁ፣ እስከ ዛሬም?»

ፈቱት። ጋቢው ግን በስንት እንዶድ ታጥቦ
ቀዩ አልለቀቀም፤ ሞተ እሱን ደርቦ።

ለቀስተኛው ሁሉ «አፈሩ ይቅለለው»፣
«ገለባ ያርግለት» እያለ ሸኘው።
እኔ ግን አሰብኩ፦ ያ ሰው በሕይወቱ
ቀላል አፈር ሸጦ አያውቅም፤ ክብደት ነው ሀብቱ።
ገለባ ምን ያረግለታል?

አለቃ ዘወንጌል የሳሉት ገብርኤል፣
ክንፉ የኛ ጓሮ፣ ካባው የኛ ገደል።
ሰው ሁሉ ተሳልሞ፣ ተሻሽቶ ያልፋል፤
እኔ አፍንጫዬን ሳስጠጋ፣ ማረሻ ይሸታል፣
ዝናብ ያደረበት።

ዘንድሮ ሄድኩኝ፣ እስከ ጉሮሮዋ፤
ትከሻዬ ያዘኝ፤ ያው ናት ጠባቧ።
በሆዴ ተኝቼ፣ ጭቃ ተንተርሼ፣
እጄን ብቻ ሰደድኩ፣ ግድግዳ ዳስሼ።
ቆጠርኩት። ስምንት ነው።
አራቱ የኔ ነው።
የቱ አራት እንደሆነ ግን፣ ጣቴ ወፍሮ፣
አንዱም አልገጥም አለኝ ዘንድሮ።