የአባቴ ስፌት

አባቴ በስኮትላንድ፣ በከሰል መንደራችን፣
ኮርቻ ይሰፋ ነበር እታች ምድር ቤታችን።
ፈረሶቹ ከጉድጓዱ ወጥተው ሞተር ሲተካቸው፣
መርፌዎቹ ሥራ ፈቱ፤ ዝገት በላቸው።
ኋላ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣለት፦
«ጠፍር ቁረጥልን፤ ጫፉን ለሁለት ሰንጥቅበት።»

ማታ ማታ ቢላው በቆዳው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።
«ምንድን ነው?» እለዋለሁ። «መጽሐፍ ማሰሪያ» ይለኛል፣
ቀና ሳይል። የስድስት ዓመት ልጅ፣ ምን ያስጠረጥረኛል?
በዚያ ገንዘብ ነበር ጫማ የገዛልኝ፣
ቀይ፣ ባለ ዘለበት፣ በደስታ እንቅልፍ የነሣኝ።

ሰኞ ነው። ዝናብ። እርጥብ ካፖርቶች ከማሞቂያው ላይ ይጤሳሉ።
ዱጋልድ ግራኝ ነው፤ ሦስት ቁጥርን ገልብጦ ጻፋት።
ሚስ ጋላትሊ መሳቢያዋን ስትስብ ክፍሉ ጸጥ አለ፤
እጁን ዘረጋ፤ መዳፉ እንደ ቅጠል ዋለለ።
ሁለቱ ምላስ ወረደ። አንድ ጊዜ። ሌላ ጊዜ።
ሦስተኛውን አልቆጠርሁም፤ ዓይኔ ጠፍሩ ላይ ቀረ በፍዘዜ።
እጀታው ላይ ያለው ስፌት፣ ጥብቅ ያለው፣ ጋደል ያለው፣
አውቀዋለሁ፤ ከኮርቻው፣ ከቦርሳዬ። የአባቴ ነው።

ዱጋልድ አላለቀሰም። መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።
ከወንበሩ ሥር ግን ውሃ የመሰለ ነገር
ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ቀዩ ጫማዬ ዳር
መጣና ቆመ።
እግሬን አላነሣሁም። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም።

ጠፍሩ አልዋሸም፤ ዱጋልድ ሦስትን ዳግመኛ አልሳታት፤
ሲቆጥር «አንድ፣ ሁለት» ይልና፣ ይዘላል ወደ አራት።

ማታ አባቴ ጠየቀኝ፦ «ዛሬስ ምን ተማርሽ፣ ልጄ?»
ጫማዬን ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት በገዛ እጄ።
እርጥብ ነበር። አሸተተው። የሆነውን አልነገርሁትም።
ሰም የያዘው ጣቱ ቆመ፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ዓርብ ዕለት ግን ቢላው ደግሞ በቆዳው ላይ ሲሄድ ሰማሁ።
የቤት ኪራይ ነበረና፣ ዳቦ ነበረና፤
ይህ አሁን ነው የሚገባኝ፤ ያኔ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።

ስንት ዓመት አለፈ። ጠፍር በሕግ ቀረ፣ ጉድጓዱም ተደፈነ።
በስተርጅናው፣ ማታ ክኒኑን ላቀብለው፣
«እጅህን ዘርጋ፣ አባዬ» ስለው፣
ዘረጋው።
ዓይኑን ግን ጨፈነው።