ደመና ላይ ያለ ብር

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ፤
«ሒሳቡ በሙሉ ደመና ላይ ይውጣ።»

ጋሽ ዘርጋው አነበቡ፣ ቀና አሉ ወደ ደጅ፤
«ደመና እዚህ አገር ጎርፍ ነው የኔ ልጅ።
ደንገጎ ይጥላል፣ ድሬ ጠብ አይላትም፤
ጎርፉ ግን በሌሊት ደጃፏን አይስትም።»

አውቃለሁ። ያን ክረምት ሌጀር ተሸክመው
ወጥተዋል ጭቃውን በደረት ገፍተው፤
ግማሹ ግን ረጥቦ ቀለሙ ታጠበ፤
የዚያዳን ቁጠባ ማን ዳግም አነበበ?

ሰርቨሩም በድሬ ሐሩር ተቃጥሎ
በቀን ሁለት ጊዜ ያርፋል በቃኝ ብሎ።

ሦስት ሌሊት ጫንን። በአራተኛው ጧት
ዚያዳ ከቀፊራ መጣች ለመጠየቅ፤
«ብርሽ ደመና ላይ ነው» ብለን ብንነግራት፣
«ታዲያ ጆንያ ይዤ ደቻቱ ልጠብቅ?»

ሁላችን ሳቅን።
ጋሽ ዘርጋው ብቻ ተነሥተው
መስኮቱን ዘጉ።